ሳናጣራ አንነሣ፣ እናጣራለን ብለን አንተኛ



ሰሞኑን በመኝታ ቤትም ሆነ በሻይ ክበብ አንድ ክርክር ሞቋል። ግፍ ተፈጸመ የሚል ወሬ ሲመጣ ምን እናድርግ? እንነሣ ወይስ እንቀመጥ? አንደኛው ወገን «የሚጠራጠር ሰው ፈሪ ነው፤ ኢማን ያለው ሰው እንደሰማ ይነሣል» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «በዚህ ዘመን እውነቱ ስለማይታወቅ አርፎ መማር ነው» ይላል። እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ሁለቱንም አልተቀበልንም። ለምን እንዳልተቀበልን ከሃይማኖታችን ከእስልምና ትምህርት ተነሥተን፣ በአገራችን ከደረሰውም ጋር እያገናዘብን እንጽፋለን። ሙስሊም ያልሆናችሁ ጓደኞቻችንም አንብቡት፤ ነገሩ የሁላችን ነው።

ለመሆኑ ጉዳዩ ሠልጣኝን ለምን ይመለከታል? መልሱ ቀላል ነው። ነገ ተመድበን የምንሄደው መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ ኮፈሌ፣ አሳሳ፣ ወይም ከእነዚህ ከተሞች ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቀበሌ ነው። በዚያ ቀበሌ በስልክ የመጣውን ጽሑፍ አንብቦ የሚያስረዳው ማን ነው? አስተማሪው ነው። የሰፈሩ ሽማግሌ ልጃቸውን ልከው «ባርሲሳ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው ወይ?» ብለው የሚያስጠይቁት እኛኑ ነው። ያን ጊዜ «አዎ» ብንል ሰው ይነሣል፤ «አላውቅም» ብለን በር ብንዘጋም ሰው ይነሣል። ስለዚህ መልሱን ከአሁኑ ማሰብ አለብን።

እስቲ ሻሸመኔን እንውሰድ። ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. እንግዳ ለመቀበል በወጣው ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ቦምብ ይዟል የሚል ወሬ ተነሣ። ሰውየው ተደብድቦ ተገደለ፤ አስከሬኑም ቁልቁል ተሰቀለ። ቦምብ ግን አልተገኘም። «ማን አየ?» የምትለው አጭር ጥያቄ ተደማጭ ብታገኝ ኖሮ አንድ ሰው ማታ ቤቱ ይገባ ነበር። ከዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2012 ዓ.ም.፣ በሌሊት በፌስቡክ የተላለፈ መልእክት ተከትሎ በኦሮሚያ ከተሞች፣ እዚሁ አዳማ ጭምር፣ ሁከት ተነሣ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 86 ብሎ ተናገረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው ደም ሲሆን ግን አይለቀምም።

እንግዲህ «የሚጠራጠር ፈሪ ነው» ለሚለው ወገን የምንጠይቀው አለ። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ እምነት የማይጣልበት ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ ያዛል፤ ሳናውቅ ሰው ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት። ይህ ትእዛዝ የተሰጠው ለማን ነው? ላመኑ ሰዎች ነው። ስለዚህ ማጣራት ራሱ የሃይማኖት ሥራ ነው፤ እንደ ሶላቱ፣ እንደ ጾሙ። በዚያው ሱራ 12ኛው አንቀጽ ደግሞ በሰው ላይ ብዙ መጠርጠር ተከልክሏል። ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ወሬ ይጠረጠራል፣ ሰው አይጠረጠርም። የኛ አገር በሽታ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ወሬውን ያምናል፣ ጎረቤቱን ይጠረጥራል።

ደግሞስ ጥርጣሬን ሁሉ ከኩፍር የሚቆጥረው ሰው የነቢዩላህ ኢብራሂምን ታሪክ ረስቶ ይሆን? ኢብራሂም ሙታን እንዴት እንደሚነሡ አሳየኝ ብለው ጌታቸውን ሲጠይቁ አልተባረሩም። ያምኑ እንደሆነ ተጠየቁ፤ እንደሚያምኑ ግን ልባቸው እንዲረጋ እንደሚፈልጉ መለሱ፤ ታያቸውም። ለኢብራሂም የተፈቀደ ጥያቄ ለኛ መኝታ ቤት ይከለከላል ወይ?

የነጃሺን ታሪክ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል። ስንተርከው ግን ስለ ደግነቱ ብቻ ነው የምናወራው፤ እስቲ አንድ ጊዜ እንደ ዳኛ እንየው። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮች ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ምድር ገቡ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ። የመልእክተኞቹ ዘዴ ብልጠት ነበረበት። አስቀድመው ለንጉሡ ባለሟሎች ለእያንዳንዳቸው ስጦታ ሰጡ፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክባቸው ምከሩልን አሉ። ሳያነጋግር! የነገሩ ቁልፍ ይኸው ነው። ሐሰት የሚፈራው ነገር ቢኖር የሌላው ወገን አንደበት ነው። ባለሟሎቹም የተባሉትን መከሩ። ነጃሺ ግን ተቆጣ፤ ሌላውን ሁሉ ትተው እኔን የተጠጉትን ሰዎች ጠርቼ ሳልጠይቅ አላስረክብም አለ። ተጠሩ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ተናገረ፤ ከሱረቱ መርየምም አነበበ። ንጉሡ አመነ። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ በማግሥቱ ዐምር ስለ ዒሳ ክፉ ይናገራሉ የሚል ሌላ ክስ ይዞ መጣ። ክሱ ለክርስቲያን ንጉሥ ቀላል ክስ አልነበረም። ነጃሺ አሁንም አልቸኮለም፤ ዳግመኛ አስጠርቶ ጠየቀ። መልሱን ከሰማ በኋላ ስጦታውን አስመልሶ መልእክተኞቹን አሰናበተ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ንጉሡ በሚያጣራበት ጊዜ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም። ጥርጣሬው የሠራው ለተከሳሹ ነው። ዛሬ «እስኪጣራ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የተወራበት ሰው ነው፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ነጃሺ እንዲህ አላደረገም። በነገራችን ላይ ይህን ታሪክ ለመስማት ባሕር ማቋረጥ አያስፈልገንም፤ የነጋሽ መስጊድ በትግራይ ነው ያለው፣ በገዛ አገራችን።

የፊቅህ ሊቃውንትም ይህንኑ በደንብ መልክ አስቀምጠውታል፤ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይሻርም ይላሉ። ውዱእ ማድረጉን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው «ተበላሽቶብኝ ይሆን?» ብሎ ስለተጠራጠረ ብቻ ውዱኡ አይፈርስም። ለውዱእ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ ለሰው ደምማ! አብሮን ያደገውን፣ ቡና አብረን የጠጣነውን፣ በእድርም በእቁብም የምናውቀውን ጎረቤት በእርግጥ እናውቀዋለን። ያንን የሃያ ዓመት እርግጠኝነት ትናንት ማታ በቴሌግራም የመጣ ጥርጣሬ ሊሽረው ነው? ኡሳማ ኢብን ዘይድ በጦር ሜዳ ላይ ሸሃዳ ያለውን ሰው «ፈርቶ ነው ያለው» ብሎ በገደለው ጊዜ ነቢዩ የሰውየውን ልብ በምን አወቅህ ብለው አጥብቀው ወቅሰውታል። ያውም በጦርነት ላይ፣ ያውም የሚወዱትን ወጣት።

«እሺ፣ ወሬው ተጣርቶ እውነት ሆኖ ቢገኝስ?» የሚል ጥያቄ አንድ ጓደኛችን አንሥቷል። ከሁሉም የከበደው ጥያቄ እሱ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ ሼኽ ቀብር ላይ በተገኙ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደረሰ። የአማራ ክልል የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ይህ ወሬ አልነበረም፤ እውነት ነበር፤ ያልተቆጣ ሙስሊምም አልነበረም። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ሚያዝያ 20፣ ከጎንደር እጅግ ርቃ በምትገኘው በስልጤዋ ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ምእመን በጎንደር መቃብር ላይ ምን ነበረው? ቁርኣን በሱረቱል አንዓም 164ኛ አንቀጽ፣ በሌሎችም ሱራዎች፣ ማንም ነፍስ የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም ደጋግሞ ያስተምራል። በወራቤ ግን አንዱ ያጠፋውን ሌላው ተሸከመ፤ ያውም አጥፊውን አይቶት የማያውቅ ሰው።

ስለዚህ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የመንገዱ ግማሽ ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ «ማን ሠራው? እኔ አሁን የማነሣው እጅስ በማን ላይ ያርፋል?» የሚለው ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚጠይቀው፤ ምክንያቱም ንዴት መልስ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ቅርብ ያለውን ነው።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «አያችሁ! እነዚህም ዞረው ዞረው ተኙ ነው የሚሉን» ሊል ይችላል። ኧረ አላልንም! አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንዞራለን።

ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ መጥፎ ነገር ያየ ሰው በእጁ እንዲለውጥ፣ ካልቻለ በምላሱ፣ ያም ካልሆነ በልቡ እንዲጠላ አዘዋል፤ የመጨረሻውንም ከእምነት ሁሉ ደካማው ብለውታል። «እውነቱ አይታወቅም» እያለ ሁልጊዜ የሚቀመጥ ሰው ስንት ጊዜ በልቡ እንኳ ጠልቷል? የምንጠይቀው በቅንነት ነው። ዳኛ እውነቱን ለማግኘት ጥሮ ቢሳሳት አንድ ምንዳ፣ ቢያገኘው ሁለት ምንዳ አለው የሚል ሐዲሥም አለ። ለጣረ ሰው ስሕተት እንኳ ምንዳ ከተሰጠው «እንዳልሳሳት ብዬ ተቀመጥኩ» የሚለው ምክንያት ከየት መጣ? አንዳንዱ የሚያጣራው ለማወቅ አይደለም፤ ነገሩ እስኪበርድለት ነው። ወሬውን ተጠራጠርኩ ይላል እንጂ ስልክ አልደወለም፣ አልጠየቀም፣ አላነበበም። ይሄ ስንፍና ነው፤ ስሙን ቢለውጥም ስንፍና ነው።

በልምምድ ትምህርት ላይ የታየ አንድ ነገር እንጥቀስ። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። በዕረፍት ሰዓት ልጆች አንዱን ሕፃን ከበው በሃይማኖቱ ይሰድቡታል። በቦታው የነበሩ ትልልቅ ሰዎች «የልጆች ጠብ ነው፣ ነገሩን ከሥሩ አናውቅም» ብለው አለፉ። አንዲት እህታችን ግን ዘው ብላ ገባችና ልጁን በእጁ ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችው። የተሳደቡትን አልመታችም፣ አልተቆጣችም። ልጁ ለቅሶውን ሲጨርስ አንድ በአንድ እየጠራች «ምን ሆናችሁ?» ብላ ጠየቀች። ነገሩ ከሥሩ ሲታይ የተሰረቀ እርሳስ ነበር፤ ስድቡን ከቤት የሰሙት ነው። እኛ ከመጻሕፍት ስንፈልገው የነበረውን ቅደም ተከተል እሷ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አሳየችን። መጀመሪያ ጥላ መሆን፣ ቀጥሎ መጠየቅ፤ መቅጣት ካስፈለገ በስተመጨረሻ። አንድን ልጅ ከከበባ ለማውጣት ምስክር አያስፈልግም። ድንጋይ ለማንሣት ግን ስንት ምስክር ይበቃል?

በአገራችን ታሪክም ቢሆን ሙስሊሙ ዝም ብሎ የተቀመጠ ወይም ዝም ብሎ የተነሣ ሕዝብ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ሰልፍ 100 ሺህ ያህል ሰው እንደወጣበት ይነገራል፤ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። የተጠየቀው በዓላችን ይከበር፣ እኩል ዜጋ እንሁን የሚል ነበር። ይህ የሚጣራ ወሬ አልነበረም፤ ማንም በዓይኑ የሚያየው ነገር ነው። ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ።

በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው እንቅስቃሴ ደግሞ ለኛ ትውልድ ይቀርባል፤ ታላላቅ ወንድሞቻችን የነበሩበት ነው። ጥያቄዎቹ ጥቂትና ግልጽ ነበሩ። መጅሊሱ በነፃ ይመረጥ፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን። ሕዝቡ ወኪሎች መርጦ ከመንግሥት ጋር አነጋገረ። ሳይሳካ ሲቀር ከጁምዓ ሶላት በኋላ ድምፁን አሰማ፤ አንዳንድ ጊዜም በፍጹም ዝምታ። በዚያን ጊዜ «ሰልፍ ፊትና ያመጣል» የሚሉ ዑለማዎችም ነበሩ። ብዙ ወጣት አልሰማቸውም፤ ይሁንና የእነሱ ጥርጣሬ ከንቱ አልቀረም ብለን እናምናለን። ሰልፉ ውስጥ ገብቶ ሥነ ሥርዓት ሆኗል፤ ድንጋይ አይወርወር፣ ጎረቤት አይነካ የሚለው ከዚያ ጥርጣሬ የመጣ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ወኪሎቹ በሐምሌ 2004 ታሠሩ፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው። በዚህ በኛ በኩልም በአሳሳ በሚያዝያ 2004፣ በኮፈሌ በ2005 ክረምት ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እስረኞቹ እስከ 2010 ዓ.ም. ተፈቱ፤ በ2011 የመጅሊሱ አመራር ተለወጠ፤ በ2012 መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ለዚህ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። «ዛሬውኑ!» የሚለው ጓደኛችን ይህን ቁጥር ቢያስታውስ ደስ ይለናል፤ «ምንም አይለወጥም» የሚለውም ቢሆን።

በቅርቡም በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ በተከለከሉ ጊዜ ጉዳያቸው ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በመቀሌም ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። የተከለከሉት በስማቸው የሚታወቁ፣ ክፍላቸውና ትምህርት ቤታቸው የሚታወቅ ልጆች ናቸው። እንዲህ ሲሆን ማንም «ወሬ ነው» ሊል አይችልም።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ አስተማሪ እንጻፍ፤ አስተማሪ ልንሆን ነውና። ኢማም ገዛሊ በባግዳድ በታላቁ የኒዛሚያ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። በ1095 እ.ኤ.አ. ግን ራሳቸውን መጠራጠር ጀመሩ። የተጠራጠሩት ትምህርቱን አልነበረም፤ ኒያቸውን ነው። የማስተምረው ለአላህ ነው ወይስ ለስምና ለክብር? ስድስት ወር ያህል ሲያመነቱ ቆዩ፤ በመጨረሻ አንደበታቸው ተይዞ ማስተማር አቃታቸው፤ ሥራውን ትተው ሄዱ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኛን የሚያስገርመን ግን የቀረው ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1106፣ በኒሻፑር ወደ ማስተማር ተመለሱ። ብቸኝነቱ ይመቻል፣ ሰላምም አለው፤ ምቾትን ወድዶ መቀመጥ ግን ምክንያት እንደማይሆን ራሳቸው ጽፈዋል።

ይህ ጥርጣሬ፣ ራስን መጠራጠር፣ በኛ ክርክር ውስጥ ጨርሶ አልተነሣም። አንድ ነገር በስልካችን ስናሰራጭ ለተበደለው ነው ወይስ «እገሌ ደፋር ነው» እንድንባል? ቪዲዮውን ስንቀባበል ሟቹን አስበን ነው ወይስ ቀድመን ስላገኘነው ደስ ብሎን? ሌላውን ሰው ሳናጣራ የምንጠረጥር፣ ራሳችንን ግን ለአንድ ደቂቃ የማንጠረጥር ሆነናል።

እንግዲህ የኛ አቋም ይኼ ነው። ለማዳን ትንሽ ምልክት ይበቃል፤ ለመናገር ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለመቅጣት ማስረጃ ቢኖረንም ሥልጣኑ የኛ አይደለም፣ የፍርድ ቤት ነው። «ፍርድ ቤት ይዘገያል፣ ያዳላል» ትሉናላችሁ። ይዘገያል፤ አንዳንዴም ያዳላል፤ በ2007 የተፈረደውም በፍርድ ቤት ነው። ቢሆንም በዚያ ፍርድ የታሠሩት ተፈትተዋል። የሻሸመኔውን ሰው ግን ማን ይፍታው?

ባለፈው ሴሚስተር በመኝታ ቤት የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። በአንድ ወረዳ የመስጊድ አጥር ፈረሰ የሚል ከነፎቶው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ግማሹ ጫማውን አሰረ። አንድ ልጅ ከዚያው ወረዳ የመጣ ነበርና አጎቱ ጋ ደወለ፤ «ፈሪ!» እየተባለ ነው የደወለው። አጎትየው ከእንቅልፋቸው ተነሥተው «አዎ ፈርሷል፤ እኛው ነን ያፈረስነው፣ በብሎኬት ልንሠራው ነው፤ አዋጡ» አሉ። በሳምንቱ ከየኪሳችን አዋጥተን ላክን። ደፋሩ ማን ነበር ታዲያ? ጫማውን ያሰረው ወይስ ስልኩን ያነሣው?

ከዚህ ተነሥተን የምናቀርበው ሐሳብ አለ። በዚህ ግቢ ከየወረዳው የመጣ ሰው አለ፤ ከወንጂ ጀምሮ እስከ ዶዶላ። ሠልጣኙ ሁሉ የትውልድ ወረዳውንና አባት፣ አጎት ወይም ኡስታዝ ቢሆን የሚደውልለትን አንድ የታመነ ሰው ይዞ ይመዝገብ። መዝገቡ በክበቡ ጸሐፊ ዘንድ ይሁን። ወሬ በመጣ ጊዜ የወረዳው ልጅ ተጠርቶ ይደውላል፤ የተገኘው መልስ እዚህ ሰሌዳ ላይ «ምን ሰማን? ምን አጣራን?» በሚል ርእስ ይለጠፋል። ነገሩ እውነት ሆኖ ከተገኘም በዚያው ወረቀት ላይ ምን እንደምናደርግ ይጻፍ፤ ለተጎዳው መዋጮ፣ ለሚመለከተው ክፍል አቤቱታ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ሰላማዊ ሰልፍ። የክርስቲያን ጓደኞቻችን ወረዳዎችም ይካተቱ፤ የቤተ ክርስቲያን አጥርም ይፈርሳል፣ የነሱም ወሬ እንደኛው ነው የሚመጣው። መምህራኖቻችንንም አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲፈቅዱልንና ነገሩን በአደባባይ እንድንከራከርበት በአክብሮት እንጠይቃለን።

በሐሳባችን የማይስማማ ይጻፍብን። ከሰሌዳው ግርጌ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ እስክሪብቶውም በክር ታስሯል። እባካችሁ ክሩን አትፍቱት፤ ያለፈው ሳምንት እስክሪብቶ ጠፍቶብናል።